አባል ላልሆነ የተዘጋ በር፦ የአሜሪካ የአትሌቲክስና የካንትሪ ክለቦች ታሪክ

ከዋሽንግተን ዲሲ በኮነቲከት አቬኑ ወደ ሜሪላንድ ስትሻገሩ፣ ከቼቪ ቼዝ አደባባይ ትንሽ አለፍ እንዳላችሁ አንድ ሰፊ አረንጓዴ ግቢ አለ። ቼቪ ቼዝ ክለብ ይባላል። የተመሠረተው በ1892 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሪቨር ሮድ አካባቢ፣ ቤተዝዳ ውስጥ፣ ኮንግረሽናል እና በርኒንግ ትሪ የሚባሉ ሌሎች ሁለት ክለቦች አሉ። በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያው ከሚኖረው ወገናችን ስንቱ በየቀኑ በአጠገባቸው ያልፋል። ውስጡን ያየ ግን ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የሀብታሞች መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍበትም ነበር። እነዚህ ክለቦች ግን ከመዝናኛ ያለፈ ነገር ሠርተዋል። የአሜሪካን አትሌቲክስ ሕግ የጻፉት እነሱ ናቸው። ማን በየትኛው ሰፈር እንደሚኖር ወስነዋል። “የግል” የሚባለው ነገር ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ የአገሪቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጋግመው አከራክረዋል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

መጀመሪያ አሠራራቸውን እንይ። እድር ለሚያውቅ ሰው መሠረቱ አይከብድም። ሰዎች ይሰባሰባሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ንብረቱም የጋራ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ እድር ሰፈርተኛውን ሁሉ ለማቀፍ ይቋቋማል፣ የአሜሪካ የግል ክለብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመምረጥ ይቋቋማል። መግባት የፈለገ ሰው ራሱ ማመልከቻ ይዞ አይሄድም። ነባር አባል ያቀርበዋል፣ ሌሎች ይደግፉታል፣ የአባልነት ኮሚቴ ያየዋል። በድሮው አሠራር አባላቱ በሣጥን ውስጥ ነጭ ወይም ጥቁር ኳስ እየጣሉ በምስጢር ይመርጡ ነበር። ጥቂት ጥቁር ኳሶች፣ በአንዳንዱ ክለብ አንዲት ኳስ ብቻ፣ ሰውየውን ለማስቀረት ትበቃለች። ማን እንደጣላትም፣ ለምን እንደጣላትም አይጠየቅም።

ይቺን የምስጢር ድምፅ ልብ በሉ። ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ሥሩ እዚያ ነው። ደንቡ ላይ “ጥቁር አይገባም”፣ “አይሁድ አይገባም” ብሎ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ኳሷ ሥራውን ትሠራለች።

መነሻው ከተማ ነው

አትሌቲክስ ክለቦቹ ከካንትሪ ክለቦቹ፣ ማለትም ከከተማ ወጣ ብለው ለፈረስና ለጎልፍ ከተቋቋሙት፣ ይቀድማሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ኦሎምፒክ ክለብ የተመሠረተው በ1860 ነው። ዘመናዊው የኦሎምፒክ ውድድር ከመጀመሩ 36 ዓመት በፊት ማለት ነው። በ1892 ጆን ሱሊቫንን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን የሆነው ጄምስ ኮርቤት የዚህ ክለብ የቦክስ አሠልጣኝ ነበር።

ትልቁን ዱካ የተወው ግን የኒውዮርክ አትሌቲክ ክለብ ነው። በ1868 ዊልያም ከርቲስ፣ ሃሪ በርማየርና ጆን ባብኮክ የተባሉ ሦስት ስፖርት ወዳዶች መሠረቱት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ገና ግንባታው ባላለቀ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ ውድድር አዘጋጁ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የቤት ውስጥ የአትሌቲክስ ውድድር እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ለምን በዚያ ዘመን? የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከተሞች በፍጥነት እየሰፉ ነበር። የባንክ፣ የንግድና የሕግ ሥራ ብዙ ወንዶችን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ገንዘብ ነበራቸው፣ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። የሕዝብ ጂም የለም፣ የሕዝብ መዋኛ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተዋጥተው ሠሩ። በጊዜ ሂደት ክለቦቹ ትልልቅ ሕንፃዎች አቆሙ፦ ጂምናዚየም፣ መዋኛ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ቦውሊንግ፣ ምግብ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መኝታ ክፍል። ብዙ የንግድ ውል የሚዋዋሉትም እዚያው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይህን የምግብ ጠረጴዛ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክለቦቹ እርስ በርስ መወዳደር ሲጀምሩ የጋራ ሕግ አስፈለገ። በ1888 አማተር አትሌቲክ ዩኒየን ተመሠረተ። ከጀርባው ዋናው ግፊት የኒውዮርክ አትሌቲክ ክለብ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአሜሪካ ማን ይሮጣል፣ ማን ይዘላል፣ ማን “አማተር” ነው የሚለውን የሚወስነው ይህ ማኅበር ሆነ። በስፖርት ገንዘብ ያገኘ ሰው ይባረራል። ደንቡ ንጹሕ ይመስላል። የሚጎዳው ግን ማንን ነው? ደሃውን። ባለሀብቱ ሯጭ ሽልማት አያስፈልገውም፣ የቀን ሠራተኛው ሯጭ ግን ለልምምድ የሚያጠፋው እያንዳንዱ ሰዓት ከደመወዙ ይቀነሳል።

ሁሉም ክለብ የሀብታም ክለብ አልነበረም። በኒውዮርክ ኩዊንስ የነበረው የአይሪሽ አሜሪካን አትሌቲክ ክለብ የተመሠረተው በስደተኛ ሠራተኞች ነው። አየርላንዳዊ ላልሆኑትም በሩን ከፍቶ ነበር። በ1908 በለንደን ኦሎምፒክ በዱላ ቅብብል የሮጠው ጆን ቴይለር ለአሜሪካ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አትሌት ነው። እሱም የዚህ ክለብ አባል ነበር። ታላላቆቹ ክለቦች ጥቁርን በማያስጠጉበት ዘመን ይህ ተራ ነገር አልነበረም። የጥቂት ድሃ ስደተኞች ክለብ ያደረገውን ሌሎቹ ማድረግ አልቻሉም ብሎ መከራከር ይከብዳል፤ አልፈለጉም እንጂ።

ከቦስተን ክለብ ወደ አበበ ቢቂላ

የቦስተን አትሌቲክ አሶሲዬሽን በ1887 ተመሠረተ። በከተማዋ ማዕከል፣ በኤክሰተርና በቦይልስተን ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ የሚያምር ሕንፃ ነበረው። በ1896 በአቴንስ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ሲደረግ ትንሿ የአሜሪካ ቡድን በአብዛኛው ከዚህ ክለብና ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተውጣጣች ነበረች። የክለቡ አሠልጣኝ ጆን ግራሃም አቴንስ ላይ የማራቶንን ሩጫ አየ። ተመልሶም “እኛስ?” አለ። በቀጣዩ ዓመት፣ ሚያዝያ 1897፣ 15 ሯጮች ተሰልፈው የመጀመሪያው የቦስተን ማራቶን ተካሄደ።

የእኛም ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1963 አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ቦስተን ላይ ሮጡ። አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ወጡ። አበበ በማራቶን ተሸንፎ ከታየባቸው ጥቂት ውድድሮች አንዱ ይህ ነው። በ1989 አበበ መኮንን አሸነፈ። ፋጡማ ሮባ ደግሞ በ1997፣ በ1998 እና በ1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋ ቦስተንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ያሉትን መቁጠር ይበዛል።

ፋጡማ የሮጠችበት ጎዳና ግን ለሴት የተከለከለ ነበር። የአማተር አትሌቲክ ዩኒየን ደንብ ሴቶች ረጅም ርቀት እንዳይሮጡ ይከለክል ነበር። በ1966 ቦቢ ጊብ ቁጥር ሳይሰጣት፣ ቁጥቋጦ ሥር ቆይታ፣ ወደ ሩጫው ተቀላቅላ ጨረሰች። በ1967 ካትሪን ስዊትዘር ቁጥር ይዛ ስትሮጥ አንድ የውድድሩ ኃላፊ በመንገድ ላይ ሊያስወጣት ታገለ። ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው በ1972 ነው። የአንድ ዘመን የክለብ ወንዶች ያወጡት ደንብ ስንት ሯጭ ሳትታወቅ እንዳስቀረ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ክለቡ ራሱ ምን ሆነ? በ1930ዎቹ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ያን የመሰለ ሕንፃውን አጣ። ቦታው ላይ ዛሬ የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማስፋፊያ ቆሟል። የተረፈው ማራቶኑ ነው። መዋኛውና የእንፋሎት መታጠቢያው ቀርቶ፣ ማንም ከመንገድ ዳር ቆሞ በነፃ የሚያየው ነገር ተረፈ።

ጎልፍ፣ የኤሌክትሪክ ባቡርና መሬት

አሁን ወደ ካንትሪ ክለቦች እንለፍ። የመጀመሪያው ተደርጎ የሚቆጠረው በቦስተን አጠገብ ብሩክላይን ውስጥ ያለው ነው። በ1882 ተመሠረተ። ስሙም በቃ “ዘ ካንትሪ ክለብ” ነው፣ ሌላ ቅጽል የለውም። መጀመሪያ የተቋቋመው ለፈረስ ነበር። ጎልፍ የገባው በ1893 ነው። በ1894 አምስት ክለቦች ተሰብስበው የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርን መሠረቱ። ብሩክላይን፣ ኒውፖርት፣ ሺነኮክ ሂልስ፣ ያኔ በዮንከርስ የነበረው ሴንት አንድሩስና ቺካጎ ናቸው። በ1900 በአገሪቱ ከ1,000 በላይ የጎልፍ ሜዳዎች ነበሩ።

ይህን ያህል ፍጥነት ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት ጨዋታው ራሱ ነው። ጎልፍ ወጣትነት አይጠይቅም፣ የስልሳ ዓመት ሰው ይጫወተዋል፣ አራት ሰዓት ሙሉ እያወሩ ይራመዱበታል። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ስብሰባ የለም። ዋናው ምክንያት ግን መሬትና ትራንስፖርት ነው። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ከ50 ሄክታር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ያን ያህል ቦታ የሚገኘው ከከተማ ውጭ ነው። ከከተማ ውጭ ለመኖርና ለመዝናናት ደግሞ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ኋላም መኪና አስፈለገ።

ቼቪ ቼዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኔቫዳው ፖለቲከኛ ፍራንሲስ ኒውላንድስ በ1890 የቼቪ ቼዝ የመሬት ኩባንያን አቋቋመ። እርሻ መሬት ገዛ፣ የኮነቲከት አቬኑን መንገድና የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ወደዚያ ዘረጋ፣ ከዚያ ቤት መሥሪያ ቦታ ሸጠ። ክለቡ የሰፈሩ ማማለያ ነበር። ቤት የሚገዛው ሰው “ጎረቤቶቼ እነማን ናቸው?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ክለቡ ነው። ኒውላንድስ ኋላ ሴናተር ሆኖ በ1912 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚጠብቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲሰረዝ የጠየቀ ሰው ነው። በቼቪ ቼዝ አደባባይ መካከል ያለው ፏፏቴ የተሠራው ለእሱ መታሰቢያ ነው።

በካንሳስ ሲቲ ጄሲ ኒኮልስ የተባለ ደላላና ገንቢ ነገሩን የበለጠ አሰፋው። የሠራውን ግዙፍ ሰፈር በቀጥታ “የካንትሪ ክለብ ዲስትሪክት” አለው። በቤቶቹ የሽያጭ ውል ላይ ጥቁሮች እንዳይገዙና እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ አስገባ። እንዲህ ያሉ አንቀጾች በመላ አገሪቱ ተስፋፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሟቸው ቢከለክልም፣ ሰፈሮቹ ግን ቅርጻቸውን ይዘው ነበር። ዛሬ አንድ ቤተሰብ ቤት ሲገዛ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ዋጋ የሚሰማው ነገር ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል።

አንዳንዱ መሬት ደግሞ ከዚያም የቆየ ቁስል አለው። በሎንግ አይላንድ የሺነኮክ ሂልስ ክለብ የተሠራው የአካባቢው ነባር የሆነው የሺነኮክ ሕዝብ የእኛ ነው በሚለው መሬት ላይ ነው። ሜዳውን በጉልበታቸው የሠሩትም የዚያው ሕዝብ ልጆች ናቸው። በ1896 የአሜሪካ ኦፕን የሚባለው የአገሪቱ የጎልፍ ሻምፒዮና እዚያ ሲደረግ ጆን ሺፐን የተባለ ጥቁር ወጣትና ኦስካር በን የተባለ የሺነኮክ ተወላጅ ተመዘገቡ። ሌሎቹ ተጫዋቾች “እነሱ ካሉ አንጫወትም” አሉ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሃቭማየር ሁለቱ ብቻቸውን ቢቀሩም ውድድሩ እንደሚካሄድ ነገራቸው። ተቃዋሚዎቹ ተጫወቱ። ሺፐንም ከፊተኞቹ ተርታ ጨረሰ። አንድ ኃላፊ ቆራጥ ሲሆን ነገር በአንድ ቀን እንደሚቀየር የሚያሳይ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንዲህ ያለ ቆራጥ አልተገኘም። በ1934 የፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር (ፒጂኤ) ነጭ ያልሆነ አባል እንዳይሆን በደንቡ ጻፈ። አንቀጹ የተነሣው በ1961 ነው።

በ1913 ደግሞ ፍራንሲስ ዊሜት የተባለ የ20 ዓመት ልጅ ብሩክላይን ላይ የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ። ቤታቸው ከክለቡ ፊት ለፊት ነው፣ አባቱ ስደተኛ ሠራተኛ ነው፣ እሱም በልጅነቱ የአባላቱን የጎልፍ ከረጢት ይሸከም ነበር። ያሸነፋቸው ሃሪ ቫርደንና ቴድ ሬይ የብሪታንያ ታላላቆች ነበሩ። የእሱን ከረጢት የተሸከመለት የአሥር ዓመቱ ኤዲ ላወሪ ነው። አሜሪካኖች ይህን ታሪክ በጣም ይወዱታል። እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ልጅ በአጥሩ ሾልኮ ገባ ማለት አጥሩ ፈረሰ ማለት አይደለም።

የተገፉት የራሳቸውን ሠሩ

አይሁዶች ከብዙዎቹ ክለቦች ተገልለው ስለነበር የራሳቸውን መሠረቱ። በኒውዮርክ የሃርሞኒ ክለብ ከ1852 ጀምሮ አለ። በሎስ አንጀለስ በ1920 የተመሠረተው ሂልክረስት የፊልም ኢንዱስትሪው አይሁድ መሪዎችና ቀልደኞች መሰብሰቢያ ነበር።

ስለ ጥቁሮቹ ክለብ ትንሽ ልቆይ። በ1921 በኒው ጀርሲ፣ ስኮች ፕሌንስ ውስጥ፣ ጥቁር ባለሀብቶች የአንድ ነጮች ክለብ የነበረን ግቢ ገዝተው ሼዲ ረስት ብለው ከፈቱት። ጎልፍ፣ ቴኒስ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ ምግብ ቤት፣ የዳንስ አዳራሽ ነበረው። የጃዝ ሙዚቀኞቹ ዱክ ኤሊንግተንና ካውንት ቤዚ እዚያ ተጫውተዋል። የቴኒስ ሻምፒዮኗ አልቲያ ጊብሰንም እዚያ ተጫውታለች። ያ በ1896 አንጫወትም የተባለበት ጆን ሺፐን በዚህ ክለብ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1964 የጎልፍ መምህርና የሜዳው ተንከባካቢ ሆኖ ሠራ። በ1938 ክለቡ ግብር መክፈል ስላቃተው ንብረቱን ከተማው ወሰደው። ለክለቦች የግብር ጉዳይ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ለሌሎቹ ግን ሕጉ የበለጠ ደግ ነበር።

ግብሩ እንዴት ነው?

የፌዴራል ሕጉ ማኅበራዊ ክለቦችን ከገቢ ግብር ነፃ ያደረገው በመጀመሪያዎቹ የገቢ ግብር ዓመታት ነው። አመክንዮው ቀላል ነው። አሥር ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው መዋኛ ቢሠሩ ትርፍ አላገኙም፣ የራሳቸውን ገንዘብ ለራሳቸው አወጡ። ታዲያ ምን ይገበራል? እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ክለቡ ከአባል ውጭ ካለ ሰው ብዙ ገቢ ካገኘ ነፃነቱን ያጣል። ዛሬ አባል ያልሆኑ ሰዎች ቤቱን ተጠቅመው ከሚከፍሉት የሚገኘው ገቢ ከጠቅላላው 15 በመቶ ማለፍ የለበትም። ለሠርግ አዳራሽ የሚያከራዩ ክለቦች ሒሳባቸውን በጥንቃቄ የሚይዙት ለዚህ ነው።

በ1976 ኮንግረሱ አንድ ነገር ጨመረ፦ በደንቡ ላይ በዘር፣ በቀለም ወይም በሃይማኖት የሚያገል ክለብ ከግብር ነፃ አይሆንም። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሕጉ የሚናገረው በጽሑፍ ስላለ መድልዎ ነው። ኳሷ አትጻፍም። ሁለተኛ፣ ፆታ የለበትም። ሴት የማያስገባ ክለብ ነፃነቱ እንደተጠበቀ ነው።

ሌላም ጥቅም ነበር። ኩባንያዎች ለሥራ አስኪያጆቻቸው የሚከፍሉትን የክለብ መዋጮ እንደ ሥራ ወጪ ከግብር ይቀንሱ ነበር። ይህ የቆመው በ1993 በወጣ ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ቀሪው ግብር ከፋይ፣ ታክሲ ነጂውንና አስተናጋጇን ጨምሮ፣ በተዘዋዋሪ ለነዚያ ምሳዎች ይከፍል ነበር ማለት ነው።

“የግል” ማለት እስከ የት ድረስ ነው?

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ቲያትሮች በዘር እንዳያገልሉ ከለከለ። እውነተኛ የግል ክለቦችን ግን አልነካም። ወዲያው ጥያቄው “እውነተኛ” ማለት ምን ማለት ነው ወደሚለው ዞረ። ሁለቱ ወሳኝ ክሶች የመጡት ከዋሽንግተን ዙሪያ ነው፣ ያውም ከጎልፍ ሜዳ ሳይሆን ከሰፈር መዋኛ።

የመጀመሪያው በቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ፣ ሊትል ሃንቲንግ ፓርክ በሚባል የመዝናኛ ማኅበር ነው። አንድ ነጭ ባለቤት ቤቱን ለጥቁር ቤተሰብ አከራየ፣ ከቤቱ ጋር የሚሄደውንም የአባልነት ድርሻ አስተላለፈ። ቦርዱ ጥቁሩን አልቀበልም አለ። ባለቤቱ ሲቃወም እሱንም አባረረው። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ የግል ክለብ አይደለም አለ። ከዘር በቀር የሚመርጥበት ምንም መስፈርት አልነበረውም።

ሁለተኛው ከሜሪላንድ፣ ከዊተን ነው። ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሰፈር። ዊተን ሄቨን የተባለ ማኅበር በ1958 ለመዋኛ ተቋቋመ። በአካባቢው ቤት ላላቸው ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በ1968 በአካባቢው ቤት የገዛ አንድ ጥቁር ሰው አባል ልሁን ሲል ተከለከለ። በዚያው ዓመት አባላት የሆኑ ነጭ ባልና ሚስት አንዲት ጥቁር ሴት በእንግድነት ይዘው መጡ። ማኅበሩ እንግዳ ዘመድ ብቻ ይሁን ብሎ ደንቡን ቀየረ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ማኅበሩን ረታው። በአካባቢው ቤት መግዛት ከቅድሚያው ጋር ከመጣ፣ አባልነቱ የቤቱ ዋጋ አካል ነው። ስለዚህ በ1866 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ይሠራበታል አለ።

በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ፍርድ አለ። ሊሮይ አርቪስ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ጥቁር የሕዝብ እንደራሴ ከነጭ አባል ጋር ሙስ ሎጅ በሚባል ክለብ ገብቶ መጠጥ ሲያዝ አናስተናግድህም ተባለ። የመጠጥ ፈቃዱን የሰጠው ክልሉ ነው፣ ስለዚህ ክልሉ የመድልዎው ተካፋይ ነው ብሎ ከሰሰ። በ1972 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አልተቀበለውም። በእውነት የሚመርጥ፣ ለሕዝብ ያልተከፈተ ክለብ ነው፣ ፈቃድ ማግኘቱ ብቻ የመንግሥት አያደርገውም ነው ነገሩ። ይህ ፍርድ ዛሬም ይጠቀሳል።

እንግዲህ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ልመለስ። ኒውዮርክ ከተማ በ1984 አንድ ሕግ አወጣ። ከ400 በላይ አባላት ያሉት፣ ምግብ ዘወትር የሚያቀርብና ከአባል ውጭ ካሉ ሰዎች ለንግድ ጉዳይ ክፍያ የሚቀበል ክለብ የግል ነኝ ማለት አይችልም አለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ውል የሚፈረምበትና ደንበኛ የሚገኝበት ቦታ የጓደኛሞች ሳሎን አይደለም፣ የሥራ ቦታ ነው። ከዚያ የተዘጋባት ሴት ጠበቃ የቀረባት ምሳ አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ክለቦቹ ከሰሱ፣ በ1988 በሙሉ ድምፅ ተሸነፉ። የኒውዮርክ አትሌቲክ ክለብ በቀጣዩ ዓመት ሴቶችን ማስገባት ጀመረ። ያ ክለብ ከዚህ በፊትም ተፈትኗል። በ1968 መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ባዘጋጀው ውድድር ላይ፣ ጥቁሮችንና አይሁዶችን ስለሚያገልል፣ በሃሪ ኤድዋርድስ መሪነት ብዙ ጥቁር አትሌቶች አንሮጥም ብለው ቀርተዋል። ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያገኘበትና ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ዘረኝነትን በመቃወም እጃቸውን ያነሡበት ኦሎምፒክ የተደረገው በዚያው ዓመት ነው።

ፍርድ ቤት ያልከፈተውን በር አንዳንዴ ገንዘብ ይከፍተዋል። በ1990 በአላባማ፣ በርሚንግሃም፣ የሾል ክሪክ ክለብ መሥራች ሆል ቶምሰን ክለቡ ጥቁሮችን እንደማያስገባ ለጋዜጠኛ በግልጽ ተናገረ። የፒጂኤ ሻምፒዮና እዚያ ሊደረግ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን አነሱ። ክለቡ ወዲያው ሉዊስ ዊሊ የተባለ ጥቁር የኢንሹራንስ ሥራ መሪን የክብር አባል አደረገ። የጎልፍ ድርጅቶቹም የሚያገል ክለብ ውድድር አያስተናግድም አሉ። አንዳንድ ክለቦች አባልነታቸውን ለሌሎች ከመክፈት ውድድሩን መተው መረጡ። የማስተርስ ውድድር ቤት የሆነው ኦገስታ ናሽናል በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጥቁር አባል ተቀበለ። ሴቶችን የተቀበለው ግን በ2012 ነው፦ የቀድሞዋን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስንና ባለሀብቷን ዳርላ ሙርን።

ዛሬስ?

አሁን ብዙ ክለቦች በኩባንያ የሚተዳደሩ ናቸው። የአባላቱ ንብረት የሆኑት ግን አሠራራቸው ብዙም አልተቀየረም። አዲስ አባል አንድ ጊዜ የሚከፈል የመግቢያ ገንዘብ አለበት። በየወሩ መዋጮ ይከፍላል። በብዙዎቹ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ምግብ ቤቱ ውስጥ ማውጣት ያለበት አነስተኛ መጠን አለ፤ ባይበላም ይከፍላል። ጣሪያ ከፈሰሰ ወይም የሜዳው የውኃ መስመር ከተበላሸ በነፍስ ወከፍ ተጨማሪ መዋጮ ይመጣል። ስለዚህ “ግባ” ተብሎ የተጋበዘ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስቱንም ይጠይቅ፦ መግቢያው ስንት ነው? ተመላሽ ነው ወይ? ባለፉት ዓመታት ስንት ተጨማሪ መዋጮ ተጠይቋል?

ሕጉ እንግዲህ እንዲህ ቆሟል። በእውነት የሚመርጥ፣ ትንሽ፣ የሥራ ቦታ ያልሆነ ክለብ የፈለገውን ማስገባትና አለማስገባት ይችላል። እኔ ይህን መብት አልቃወምም። ሰው ከማን ጋር እንደሚቀመጥ መንግሥት ሊመርጥለት አይገባም። የምቃወመው ለዚያ ምርጫ የሕዝብ ድጎማ ሲጠየቅ ነው።

ሜሪላንድ ላይ ይኸው ነገር በግልጽ ተሞክሯል። በርኒንግ ትሪ በ1922 የተመሠረተ የወንዶች ብቻ ክለብ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እዚያ ይጫወቱ ነበር። ክለቡ መሬቱን ክፍት አረንጓዴ አድርጎ በማቆየቱ ከንብረት ግብር ትልቅ ቅናሽ ያገኝ ነበር። የክልሉ ሕግ አውጪ ስቱዋርት ቤይነምና እህቱ፣ ሴትን የማያስገባ ክለብ ይህን ቅናሽ ማግኘት የለበትም ብለው ተነሡ። በሕግ አውጪው ምክር ቤትና በፍርድ ቤት ለዓመታት ተከራከሩ። በ1989 የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅናሹ እንዲቀር ወሰነ። ክለቡ ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ሴቶችን ማስገባት ወይም እንደ ማንኛውም ባለ መሬት ሙሉ ግብሩን መክፈል። መክፈሉን መረጠ።